ንቦቹ ለእኔ የሚመጡት መቼ ነው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ዕድሜዬ 41 ነው። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ 14 ዓመት እንግዳ ሳስጎበኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፋሲል ግቢን፣ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ዓይኔን ጨፍኜ እዞራቸዋለሁ። እንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ በጣሊያንኛም እግባባለሁ። ጥምቀት ሲደርስ ሥራው ከመብዛቱ የተነሳ ቤቴ ምሳ የምበላበት ቀን አልነበረም።

በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳው ቆመ። ያልፋል አልን። በ2013 ጦርነቱ ተነሳ። እሱ ጋብ አለ ስንል ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን የገባበትን እርስዎም ያውቁታል። መጀመሪያ ካሜራዬን፣ ቀጥሎ ላፕቶፔን ሸጥኩ። ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሁለት ልጆች አሉን። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት።

ማንም የማያውቀውን ልንገርዎት። ጠዋት ጠዋት ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ "ሥራ" ብዬ እወጣለሁ። ሥራ የለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ፣ ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፌ እውላለሁ። ማታ ባዶ እጄን መግባቱ ስለሚከብደኝ ከጓደኛ፣ ከሱቅ፣ አብሮኝ ይሠራ ከነበረ ሾፌር አንዴ 500፣ አንዴ 1,000 እየተበደርኩ "ዛሬ ቲፕ አገኘሁ" ብዬ እሰጣታለሁ። ዕዳው 87,000 ብር ደርሷል። እሷ ብሩን ትቀበልና ዓይኗን ወደ ላይ አንስታ "ተመስገን፤ ሥላሴ አልረሱንም" ትላለች። ይቺ ቃል ናት የምትገድለኝ።

ሥራው ከተመለሰ ለሥላሴ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ከተሳልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እትዬ፣ በ1880 ከሱዳን የመጣው ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ከዚህ ቅጥር የንብ መንጋ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳዳነ ለስንቱ እንግዳ ተርኬያለሁ! አሁን እዚያው ግንብ ሥር ቁጭ ብዬ "ለግንብና ለሥዕል የመጡት ንቦች ለእኔ ልጆች የማይመጡት ለምንድን ነው?" እላለሁ። እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ወዲህ በሩን ማለፍ አፈርኩ። ካስቀደስኩ ሰባት ወር አለፈኝ፤ እሑድ እሑድ ለባለቤቴ "እንግዳ አለኝ" እላታለሁ። ከልጅነቴ የማውቀው ጸሎት አፌ ላይ ይደርቃል። ነገሩን የጠረጠረ አንድ ዘመዴ "እምነትህ ስለደከመ ነው ሁሉም የተዘጋብህ" አለኝ። አንዳንድ ሌሊት ባልነጋ እላለሁ።

በእግዚአብሔር መታመን የሚባለው ነገር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከየት ይጀመራል? ለባለቤቴስ ልንገራት ወይስ እስኪያልፍ ብቻዬን ልቻለው?

ግንብ ተደጋፊው፣ ከጎንደር

—

ወንድሜ፣ በዕድሜ ብዙ እንደምበልጥህ ከደብዳቤህ አውቄያለሁና "አንተ" ብልህ አትቀየመኝ።

ስለ ንቦቹም ስለ ዕዳውም እናወራለን። በመጀመሪያ ግን "ባልነጋ" ያልካትን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ሰው በጣም ሲደክመው እንዲህ ይላል፤ እኔም ብያለሁ። አንተ ስትል ግን ደክሞኛል ማለትህ ነው ወይስ በራስህ ላይ አንድ ነገር ለማድረግ አስበሃል? ለእኔ ሳይሆን ለራስህ መልስ። ሁለተኛው ከሆነ የቀረውን የእኔን ወሬ ተወውና ዛሬውኑ ለባለቤትህ ወይም ለምታምነው አንድ ሰው ንገር። ሌሊቱን ብቻህን አትደር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሰው አስከትለህ ሂድ። እግሩ ተሰብሮ ወጌሻ ቤት የሄደን ሰው "እምነት አጣ" የሚለው የለም፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ንቦቹ እንምጣ። ታሪኩን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ፤ ለእንግዶችህ የምትነግራቸው ግን ግማሹን ይመስለኛል። (አልፈርድብህም። ፀሐይ ላይ ለቆመ ቱሪስት ስለ አመድ ማን ያወራል?) በዚያ በጥር ወር ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ነደዋል። የነዚያ ደብር ካህናትም ጸልየዋል፣ የነዚያ ደብር እናቶችም አልቅሰዋል። ንብ ግን አልመጣላቸውም። ቤተ ክርስቲያናቸው የተረፈላቸው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰዎችም ቢሆኑ ብዙ ሳይቆዩ ክፉ ቀን ላይ ወደቁ፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ረሀቡ እስከ 1884 ድረስ አገሩን ፈጀው። እንግዲህ ንቦቹ ለጠንካራ እምነት የሚከፈል ደመወዝ ናቸው ካልን ሒሳቡ አይገጥምም። ያ ዘመድህ ይህን ሒሳብ ነው የነገረህ፤ አንተም ሌት ተቀን እሱኑ ስትደምርና ስትቀንስ ትከርማለህ።

ከነደዱት ደብሮች ብዙዎቹ ዛሬም ይቀደስባቸዋል። እዚያ አመድ ላይ ቆሞ "እግዚኦ" ብሎ ዳግም የጀመረ አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። ስሙን የሚያስጎበኝ የለም። አንተ "መታመን" የምትለው ነገር ለእኔ ከንቦቹ ይልቅ እሱን ይመስለኛል። እስቲ አንድ ቀን ግንቡን ተደግፈህ እሱን አስበው፤ ያን ዕለት ጠዋት ምን ተሰምቶት ነበር? ሙሉ ልብ የነበረው አይመስለኝም።

ስለማማረርህ ደግሞ ልንገርህ። ያፈርክበትን ነገር እኔ እንደ ነውር አላየሁትም። የፋሲል ግቢን በሮች ስታስጎበኝ ስለ ደጅ ጥናት ሳትናገር አትቀርም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ሲቀመጥ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ስለማይጠፋው የአቤቱታ ጩኸት ጽፏል። የተበደለው፣ የተቀማው፣ ፍርድ የዘገየበት ሁሉ ከንጋት ጀምሮ "ጃን ሆይ!" እያለ ይጮሃል። ክረምት ገብቶ መንገድ ሲዘጋና ባለጉዳይ ሲጠፋ እንኳ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው ደጅ ሆነው የሚያለቅሱ ሰዎች ነበሩ ይለናል፤ ይቺን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ። ጩኸቱ ድፍረት ሆኖ አልተቆጠረም፤ ንጉሥ አለ የሚያሰኘው እሱ ነበር። ግቢው ባዶ ነው ብሎ ያመነ ሰው ደጅ አይጠናም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይሄዳል። አንተ ሰባት ወር ሙሉ ከሥላሴ ግንብ አልራቅህም። እምነቱ የሞተበት ሰው ለመዋያ ይሄን ቦታ ይመርጣል? ከተማው ሙሉ ካፌ አይደለም እንዴ?

ቤትህ ዳዊት ካለ መዝሙር 87ን ክፈት (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ነው)። በምሬት ከሚጀምሩት ሌሎች መዝሙሮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። አባቶቻችን ያን እያወቁ ከዳዊት አላወጡትም፤ በየሳምንቱ ሲደግሙት ኖሩ። "ንቦቹ የት አሉ?" የሚለውን ጥያቄህን ከግንቡ ውጭ ከምትለው ውስጥ ገብተህ በለው። ማንም አያስወጣህም።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ የቆምኩት ባለቤትህ "ተመስገን" የምትለው ላይ ነው። ያቺ ቃል ለምን እንዲህ እንደምትወጋህ አስበህ ታውቃለህ? ዋሽቻት ነው ትለኝ ይሆናል። እሱስ እውነት ነው። እኔ ግን ከውሸቱ ሥር ሌላ ነገር አየሁ። ሥላሴ ረሱን ብለህ ፈርተሃል፤ እሷ ይሄን እንዳታውቅ ደግሞ በእነሱ ፈንታ ቲፕ ትልክላታለህ። የእግዚአብሔርን ድርሻ በብድር ልትሸፍንለት እየሞከርክ ነው ወንድሜ፣ እዚያ ቤት ስሙ እንዳይጠፋ። ይህን ሸክም ማንም አልሰጠህም። በ87,000 ብር ዕዳ ላይ ይሄ ሲጨመር አንድ ሰው እንዴት ይቆማል? ጸሎቱ አፍህ ላይ የሚደርቀው ስላልታመንክበት ብቻ ላይሆን ይችላል። የምትጸልየው ራስህ ልታስፈጽመው ለወሰንከው ነገር ስለሆነስ?

ባለቤቴ የሞተ ዓመት እኔም ጸሎት አልወጣ ብሎኝ ነበር። "አቡነ ዘበሰማያት" እጀምርና "ፈቃድህ ይሁን" የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። እንዴት ብዬ ልበለው? ፈቃዱማ ሆነ፣ አየሁት። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ነገሩን ስነግራቸው አልመከሩኝም፣ አልገሠጹኝም። "እስከምትችይው በይ፤ ከዚያ ዝም በይ፤ የቀረውን እኔ እጨርስልሻለሁ" አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ እየመጡ እንደዚያ አደረግን። እኔ እስከዚያች ቃል፣ እሳቸው ከዚያ ወዲያ። መቼ እንደተመለሰልኝ አላውቅም፤ አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ሳይመጡ ቀሩና ብቻዬን ጨርሼው ተገኘሁ።

አንተም ቤት ጸሎቱን የምትጨርስልህ ሴት አለች። ግን ጀምረህ እንዳቆምክ እሷ አታውቅም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሴ አዎ ነው፤ ንገራት። ዝም ማለትንም መዝኜዋለሁ። ዝም ብትል ለጥቂት ወራት ፊትህ ይተርፍ ይሆናል። ነገር ግን ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፤ ካበደሩህ አንዱ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጤፍ ስትሸምት ያገኛትና "ባለቤትሽ ምነው ጠፋ?" ይላታል። ከሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ መስማቱ አይሻልም?

ቀኑን አንተ ምረጥ፤ ሊጥ ያቦካችበትና ደክሟት የዋለችበት ማታ ግን አይሁን። ልጆቹ ይተኙ። ያበዳሪዎቹን ስምና ገንዘቡን አንድ በአንድ በወረቀት ጻፍ፣ ሱቁንም ሾፌሩንም ሳታስቀር። ዙሪያውን አትዙር፤ ስለ ኮሮናና ስለ ጦርነቱ አትጀምርላት፣ እሱን አብራህ ኖራዋለች። "ቲፕ ነው ያልኩሽ ብር ብድር ነበር፤ አፍሬ ነው የደበቅሁሽ፤ ይኸው ዝርዝሩ" በላትና ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀምጥ። ከዚያ ዝም በል። ትቆጣለች። ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግባት እሷ በጭስ ዓይኗ ሲቀላ አንተ ግንብ ተደግፈህ መዋልህ ሊሆን ይችላል፤ እውነቷን ነው። ቶሎ ይቅር በይኝ ብለህ አታጣድፋት፣ ጊዜ ስጣት። "ታዲያ ያ ሁሉ ተመስገን ከንቱ ነበር?" ብላ ብታለቅስስ? ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም። እኔ ብሆን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ቤት ያልተዘጋችው በማን እጅ እንደሆነ እጠይቃት ነበር፤ እጇን እያየሁ።

ኤልያስን ታውቀዋለህ። ያን ያህል ነቢይ ክትክታ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ" አለ፤ እንዳንተው ባልነጋ አለ ማለት ነው። መልአኩ መጥቶ "እምነትህ ስለደከመ ነው" አላለውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላውና "መንገዱ ሩቅ ነው" አለው። አንተ መልአክ ከሰማይ ስትጠብቅ እንጎቻው በየማለዳው ከምጣድ እየወጣ ነበር። ይህን የምልህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም፤ ተርቦ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ሩቅ ሩቁን ነው የሚያየው።

ዕዳውን በተመለከተ አዲስ ብድር ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ 100 ብርም ቢሆን። አበዳሪዎችህን መሸሽ ተውና እየዞርክ አነጋግራቸው፤ "የለኝም፣ ግን አልካድኩም፤ በወር ይህን ያህል እሰጥሃለሁ" በላቸው። በትንሹ ጀምር፤ ቃልህን በ200 ብር መጠበቅ በ2,000 ከማፍረስ ይሻላል። ችግሩ ከጠናብህ ከዕድራችሁ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፤ ሽማግሌ ያየውን ሰው አበዳሪ በቀላሉ አያዋክበውም።

ባጁን ግድግዳው ላይ ስቀለው፤ አትጣለው፣ ቀኑ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ግን እንጀራውን ለየምግብ ቤቱ አንተ አድርስ። የሚያውቁህ ሰዎች እንጀራ ተሸክመህ ሲያዩህ ምን ይሉ ይሆን? ይበሉ። ሳምንት ያወሩና ሌላ ወሬ ያገኛሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛህ አለልህ፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው የሰፈር ልጆች ስንት እንደሆኑ ልጆችህን ጠይቃቸውና ሦስት አራቱን ቤትህ ሰብስበህ ማስተማር ጀምር። ታሪክ መተረክ የሚችል ሰው ልጆች ይወዱታል። በዚህ ሀብታም አትሆንም፤ ግን ማታ የምትሰጣት 50 ብር ያንተው ናት፣ "ተመስገን" ስትል ቀና ብለህ ታያታለህ።

ስለቱን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ለእኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የተሳልከው ሥራው ከተመለሰ ነው፤ ሥራው አልተመለሰም፤ ስለዚህ እስካሁን የጃንጥላ ዕዳ የለብህም። ከ87,000ው ጋር እንዳትደምረው። ንስሐ አባትህ ዘንድ ስትሄድ ያን "ንቦቹ የት አሉ?" ያልከውን ሳይቀር ንገራቸው፤ ከዚህ የባሰ ሰምተዋል። ብትችሉ ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ ሁለተኛ ተመለሱ።

ቤተ ክርስቲያንም የምትመለሰው ሙሉ ልብ ይዘህ አይደለም። ልጁ የታመመበት ያ አባት ለጌታ ያለው "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ነበር፤ ግማሽ እምነት ግማሽ ጥርጣሬ ይዞ መጣ፣ ልጁም ተፈወሰለት። ለአሁኑ ይቺን ብቻ በላት፤ ረጅሙን ጸሎት ቤተሰቡ ይድገምልህ። እሑድ ማለዳ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር ሂድ። ውስጥ መግባት ካቃተህ ደጁን ሳም፣ ዛፉ ሥር ቁም፤ ቅዳሴው እዚያም ይሰማል። ስንቱ ሰው እዚያ ቆሞ ሲያስቀድስ እንደኖረ ላንተ አልነግርህም።

ልጆችህ "አባዬ፣ ዛሬ እንግዳ የለህም?" ብለው ቢጠይቁህ "የለኝም" በላቸው።

ከነገርካት በኋላ ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ፤ ብትቆጣም ጻፍልኝ። እስከዚያው የክርስትና ስምህን ብትልክልኝ ማታ "ፈቃድህ ይሁን" የሚለው ላይ ስደርስ አስብሃለሁ።